አራት ሲሊንደር፣ አንድ ቴስታታ

ሶደርተልየ ከስቶክሆልም በስተደቡብ ምዕራብ፣ በከተማ ዳርቻው ባቡር አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሚደረስባት ከተማ ናት። መሐሏን ቦይ ይሰነጥቃታል፤ ከሜላረን ሐይቅ ወደ ባልቲክ ባሕር የሚወርዱ መርከቦች በቦዩ በር ተራቸውን ጠብቀው ያልፋሉ። ስፖርት ወዳድ ቴኒሰኛው ቢዮርን ቦርይ ያደገባት ከተማ እያለ ያነሣታል። የከባድ መኪና ሾፌር ግን የሚያውቃት ዘውድ በደፋው የግሪፊን ራስ ነው። ያ ምልክት በስካኒያ መኪና ግንባር ላይ ተለጥፎ ዓለምን ይዞራል፤ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት እዚህ ነው።

ከተማዋ ከሞተር ጋር የተዋወቀችው በቀድሞ ዘመን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1891 ቫቢስ የተባለ የባቡር ፉርጎ ሠሪ ኩባንያ ተቋቋመባት። ጉስታፍ ኤሪክሰን የተባለው የኩባንያው መሐንዲስ በ1897 የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ሠራ፤ በ1911 ቫቢስ ማልሞ ከነበረው ስካኒያ ጋር ተዋሕዶ ስካኒያ ቫቢስ ሆነ። የዚያ ታሪክ ቅርስ የሆኑት አሮጌ መኪኖችና ሞተሮች ማርከስ ዋለንበርግ በተባለው የኩባንያው አዳራሽ ተሰብስበዋል።

እኔን ወደዚህ ያመጣኝ ግን ኢሱዙ ነው። በከተማዋ ዳር ቦታና መሣሪያ በሰዓት የሚከራይበት ራስ አገዝ ጋራዥ አለ። ስዊድናዊው ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣና ጎማውን ይቀይራል፣ ዘይቱን ያፈሳል፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ጥግ ላይ ባለው ጠረጴዛ ግን አንድ አበሻ ስልኩን ሞርሳ አስነክሶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አዲስ አበባ ያለ የሞተር ቴስታታ በቪዲዮ ይመረምር ነበር። ሰውዬው በሞተር መገጣጠሚያ መስመር ላይ ለዓመታት ሠርቷል፤ ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ አብነት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ቡሎን እያጠበ ነው ያደገው። ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም። «ዘመድ ሁሉ ደውሎ ሞተር ያስመረምረኛል» አለኝ። ቀድሞውንም እያስመረመሩት ነው።

የዚያን ቀን የደወለው ታናሽ ወንድሙ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ኢሱዙ ኤን ፒ አር አለው፤ ከጎጃም ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ሞተሩ ሙቀት አነሣ። ዳገቱ ከበረሃው ግርጌ ከ1,000 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጭነት ያለበት መኪና በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ነው የሚፈጽመው። ረዳቱ እንፋሎቱን ሲያይ ደንግጦ፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የጀሪካን ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠ። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የደፋ ሰው ምጣዱ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ቴስታታም ያው ነው። መኪናው ተጎትቶ አዲስ አበባ ገባ። ሞተሩ ሲወርድ ቴስታታውን ከሞተሩ ጋር የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተበልቶ፣ ዘይቱ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ የወተት ሻይ መልክ ይዞ ተገኘ።

«ወንድም ጋሼ፣ ማስተር አዲሱን ግዛ እያሉኝ ነው» ይላል ታናሽየው፤ ማስተር የሚለው ጋራዡን የሚመሩትን አዛውንት መካኒክ ነው። «ጓደኛዬ ደግሞ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች ውስጥ ያገለገለ የጃፓን ቴስታታ አለ ይለኛል። አንዱ ብየዳ ቤትም አሮጌውን እበይደዋለሁ ብሏል። የቱን ልያዝ?»

«ሦስቱንም ለጊዜው ተዋቸው። መጀመሪያ የተበላሸውን አሳየኝ። ስልኩን ጠጋ አድርገው፤ እዚያ ጋ፣ በሁለቱ ቫልቮች መካከል። በቤንዚን ጥረገው እስቲ።»

ጨርቁ አለፈበት። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ፣ በአየር ማስገቢያውና በጭስ ማስወጫው ቫልቭ መቀመጫዎች መካከል፣ ቀጭን ጥቁር መስመር ታየ። ሶደርተልየ ያለው ሰው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። «በቃ፣ እሱ አለቀለት» አለ።

ቴስታታ ከላይ ሲያዩት ሞተሩን የሚዘጋ ክዳን ይመስላል፤ መካኒክ ያልሆነ ሰው የሚንቀውም ለዚያ ነው። ሥራው ግን ከባድ ነው። ቫልቮቹን ተሸክሟል፤ ኖዝሉን ይዟል፤ አየር የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት መንገድ በሆዱ ያልፋል፤ በእነዚያ መንገዶች ዙሪያ ደግሞ ውሃና ዘይት ይዞራል። ነዳጁ በሚነድበት ቅጽበት ግፊቱን ከላይ ሆኖ የሚችለው እሱ ነው። ልኩን ማስላት ቀላል ነው። የዚህ ኢሱዙ ሞተር ፎር ኤች ኤፍ ዋን የሚባለው ሲሆን የሲሊንደሩ ስፋት 112 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ስፋት ላይ 100 ባር ግፊት ቢነሣ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 10 ቶን ገደማ ይሆናል። ኤን ፒ አሩ ራሱ ከነጭነቱ ያን ያህል አይመዝንም። ይህ ግፊት በየሲሊንደሩ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል።

ስንጥቁ ለምን እዚያች ቦታ ላይ እንደወጣ ከዚህ ይገባል። በሁለቱ ቫልቮች መካከል ያለችው የብረት ድልድይ ጠባብ ናት። በአንድ ጎኗ ንጹሕ አየር ይገባል፤ በሌላው ጎኗ ከባድ ጭነት ላይ ከ500 ዲግሪ በላይ የሚግል ጭስ ይወጣል። ከጀርባዋ ውሃ አለ። ውሃው ሲጎድል ወይም ሲፈላ መጀመሪያ የምትግለው እሷ ናት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲመጣም መጀመሪያ የምትኮማተረው እሷ ናት።

የብየዳው ነገር ቶሎ ይቋጫል። ቴስታታው የተሠራበት ጊዛ፣ ማለት በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ይበየዳል፤ የሚበየደው ግን ሙሉው ቴስታታ እቶን ውስጥ ግሎ፣ ከብየዳው በኋላም በዝግታ ቀዝቅዞ ነው። ያለዚያ ብየዳው ዳርና ዳሩን እንደገና ይሰነጥቀዋል። ሳያግሉ የሚሠራም ዘዴ አለ፤ ስንጥቁን ተከትሎ ቀዳዳ እየበሱ ጥርስ ባላቸው የብረት ካስማዎች መስፋት ነው። ለሞኖብሎክ (ሲሊንደሮቹን ለያዘው የሞተር አካል) ጎን ወይም ለውሃ ክፍል ግድግዳ ሁነኛ መላ ነው። በቫልቮች መካከል ላለች ጠባብ ድልድይ፣ ያውም ዓባይን በየሳምንቱ ለሚወጣ መኪና፣ እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም። ማስተርም በዚህ ተስማሙ።

እዚህ ላይ ስለ ሶደርተልየ አንድ ነገር መነገር አለበት፤ የወንድማማቾቹ ክርክር ከተማዋ ከሰማንያ ዓመት በላይ ስታሰላስለው ከኖረችው፣ የቱ ዕቃ ይጋራ፣ የቱስ ለብቻው ይቀየር ከሚለው ጥያቄ ጋር የሚገጥመው እዚህ ነው። ስካኒያ ቫቢስ በ1939 አንድ የሞተር ቤተሰብ አወጣ፤ አራት፣ ስድስትና ስምንት ሲሊንደር ያላቸው ሞተሮች አብዛኛውን ዕቃ ተጋርተው እንዲሠሩ የታቀደ ነበር። ፒስተኑን አንድ ጊዜ በደንብ ሠርቶ በሁሉም ላይ መድገም፤ መጋዘን ውስጥም ጥቂት ዓይነት መለዋወጫ ማስቀመጥ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1949 ነዳጁን በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ ወደሚረጨው አሠራር ተሻገሩ፤ በ1950ዎቹም «ድራባንት» የተባለችው መካከለኛ መኪናቸው በአራት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ትሄድ ነበር። ያን ጊዜ አራት ሲሊንደር ለስዊድን ገጠር የወተትና የእንጨት ጭነት በቂ ነበረ። ዛሬ ኢሱዙ ለጤፍና ለሽንኩርት በቂ እንደሆነው ማለት ነው።

ያ ዕቃ የመጋራት ሐሳብ እያደገ ሄዶ ቴስታታው ላይ ደረሰ። ለሞተሩ በሙሉ አንድ ቴስታታ ከመሥራት ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ሠሩለት። አምስት ሲሊንደር ያለው ባለ 9 ሊትሩ፣ ስድስት ያለው ባለ 13 ሊትሩ፣ ስምንት ያለው ባለ 16 ሊትሩ ቪ ኤይት፣ ሦስቱም ባለ 130 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ሆኑ፤ በየሲሊንደሩ ላይም አራት ቫልቭ የያዘ ትንሽ ቴስታታ ለብቻው ተቀመጠ። ይህን የሚያደርጉት እነሱ ብቻ አይደሉም። የዶይች ኩባንያ በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተሮችም፣ ባለ አራት ሲሊንደሩ ጭምር፣ በየሲሊንደሩ የተለያየ ቴስታታ ነው ያላቸው።

ጥቅሙን ለማየት ሶደርተልየ ያለውን ሰው መስማት ይበቃል። «እዚህ አንዱ ቢሰነጠቅ አንዱን ትቀይራለህ። አንድ ሰው ብቻውን ያነሣዋል። ኢሱዙ ላይ ግን የሦስተኛውን ኃጢአት አራቱም ይከፍሉታል።» ሌላም አለ። ረጅም ብረት ሲግል በርዝመቱ ልክ ይለጠጣል፤ በቡሎን ታስሮ ሲለጠጥ ደግሞ ይጠማል። የተቆራረጠው እያንዳንዱ በቦታው ይለጠጣል፣ ጣጣውን ለጎረቤቱ አያስተላልፍም።

ታዲያ ሁሉም ለምን እንዲህ አልሠራም? ዋጋ አለው። ቴስታታዎቹ በተለያዩ ቁጥር የውሃና የዘይት መገናኛው ይበዛል፤ ፍሳሽ የሚጀምርበት ቦታም እንዲሁ። ሞተሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘረጋ ካምሻፍትም እላያቸው ላይ ለማስቀመጥ አይመችም። ስለዚህ ካምሻፍቱ ሞኖብሎኩ ውስጥ ሆኖ ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንጎች ወደ ላይ ይገፋል። በ2021 ስካኒያ «ሱፐር» ያለውን አዲሱን ባለ 13 ሊትር ሲያወጣ ይህን ሁሉ ገለበጠው፤ ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ ቴስታታ ተሸፈኑ፣ በላዩም ሁለት ካምሻፍት ተዘረጋ። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚነሣው ግፊት እስከ 250 ባር ይደርሳል፤ በ130 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ ከ33 ቶን በላይ ማለት ነው። በምላሹ ሞተሩ ከነዳጁ ጉልበት ግማሽ ያህሉን ወደ ሥራ ይቀይራል፤ ለናፍጣ ሞተር እጅግ ከፍተኛ ልክ ነው። በስዊድን ነዳጅና የጭስ ሕግ ከጋራዥ ሰዓት በላይ ሲያስከፍሉ የተለያየው ቴስታታ ተሸነፈ። እኔ እንደሚመስለኝ የዓባይ ዳገት ቢጠየቅ ፍርዱ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር። መለዋወጫ ለማምጣት ሳምንታት ለሚጠብቅና መንገድ ላይ ለሚጠግን ሰው፣ ጥቂት ተጨማሪ ነዳጅ እየበላም በከፊል የሚቀየር ሞተር ይሻለዋል። ግን ማንም ዳገቱን አልጠየቀውም፤ የኤን ፒ አር ባለቤትም የተሰጠውን አንድ ወጥ ቴስታታ ይዞ ነው የሚመርጠው።

ስለ ኢሱዙ በዚህ አጋጣሚ አንድ ቃል። ሕዝቡ «አልቃይዳ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ምክንያቱ ፍጥነቱና የሚያደርሰው አደጋ ነው፣ በተለይ ጫት ጭኖ ሲበር። ፍጥነቱን የሚነዳው ሰው ያመጣው ነው፤ ሞተሩ ግን ቀጥተኛና ታጋሽ ከሆኑት ወገን ነው። የሚሞተውም ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ነው።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ማስተር ያሉት አዲስ ቴስታታ ከቻይና የመጣ ነው። «ቻይና ነው» የሚለው ቃል በራሱ የሚነግረን ነገር የለም። ቾንግቺንግ ያለው ቺንግሊንግ ከኢሱዙ ጋር በሽርክና ሞተርና መኪና ይሠራል፤ ጂያንግሊንግም የኢሱዙን ፎር ጄ ቢ ዋን መሠረት አድርጎ ሞተር አምርቷል። ችግሩ አንዱ ሳጥን የደህና ፋብሪካ፣ ሌላው የማይታወቅ ቤት ሥራ ሆኖ ሁለቱም አንድ ዓይነት ካርቶን መልበሳቸው ነው። ሰውዬው ሳጥኑ ይከፈት አለና የሚታየውን በስልክ ይጠይቅ ጀመር። በውሃው መንገድ ውስጥ ጣትህን አስገባና ዳብስ፤ የቅርጽ ማውጫ አሸዋ ቀርቶበታል? የቡሎን ቀዳዳዎቹ ጫፍ ስለታም ነው ወይስ ተስተካክሏል? የቫልቭ መቀመጫዎቹ ለብቻ የተተከሉ ቀለበቶች ናቸው ወይስ እዚያው ጊዛው ላይ የተቆረጡ? ቫልቩን ጋይዱ ውስጥ አስገብተህ ወዝውዘው፤ ምን ያህል ይንገዳገዳል?

አሸዋ ተገኘ። ብዙ አይደለም፤ በጠቋሚ ጣት ጫፍ ላይ የምትታይ ያህል። ሻጩ «ይታጠባል» አለ፤ እውነትም ይታጠባል። ሶደርተልየ ያለውን ሰው ያሳሰበው ግን የማይታየው ነበር። ያን አሸዋ ያላጠበ ፋብሪካ ቴስታታውን በግፊት ፈትኖት ይሆን? ማጠቡን ለመዝለል የማይፈራ ሰው ፍተሻውንም ይዘልላል ነው ነገሩ። ኦሪጂናል አዲሱ ከአስመጪው ሲጠየቅ ዋጋው የመኪናውን የወራት ገቢ የሚጠይቅ ሆነና ንግግሩ እዚያው አበቃ።

የቀረው ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ያገለገለ ቴስታታ ለማግኘት ጊዜ አይፈጅም፤ ትክክለኛውን ለማግኘት ግን ዓይን ይጠይቃል። ታናሽየው ሁለት አግኝቶ በታክሲ ጭኖ መጣ። አንዱ ብር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ ሌላው ዘይት የጠጣ፣ ጥቁርና አስቀያሚ ነው። ወንድሙ የሚያብረቀርቀውን ሲያይ ፊቱን አኮሳተረ። ቀለም ለሞተር ምንም አይጨምርለትም፤ የሚሸፍነው ግን አለው።

መጀመሪያ የተፈተሸው ዓይነቱ ነው። የኢሱዙ ኤች ቤተሰብ ሞተሮች በመልክ ወንድማማች ናቸው። ፎር ኤች ኤፍ ዋን 112 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው ፎር ኤች ጂ ዋን 115 ነው፤ የሁለቱም ፒስተን የሚጓዘው 110 ሚሊ ሜትር ሆኖ አንዱ 4.3፣ ሌላው 4.6 ሊትር ገደማ ይሆናል። ፎር ኤች ኬ ዋን ደግሞ 5.2 ሊትር ነው፤ በየሲሊንደሩ አራት ቫልቭ አለው፣ የነዳጅ አረጫጨቱም ሌላ ነው። በሱቅ ወለል ላይ ተደራርበው ሲታዩ ሻጭ «ለኤን ፒ አር ነው» ይልና ያልፋል። እውነቱን ነው፤ የትኛው ኤን ፒ አር ነው ጥያቄው። ስለዚህ ሞኖብሎኩ ላይ የተመታው የሞተር ዓይነት ይነበባል፣ ለዚያ ልክ የሆነ ጓርኒሲዮን ቴስታታው ላይ ተዘርግቶ የውሃው፣ የዘይቱና የቡሎኑ ቀዳዳ ሁሉ አንድ በአንድ ይታያል፣ የቫልቮቹ ስፋት በካሊፐር ከአሮጌው ጋር ይመዛዘናል።

ሁለተኛው ጠመማ ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፊቱ ላይ በርዝመት፣ በወርድና በሰያፍ ይጋደማል፣ ከሥሩ ፊለር ጌጅ ይሞከራል። ብዙ የጥገና መመሪያዎች ጤነኛው ከ0.05 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠብቃሉ፤ ወደ 0.20 ሲጠጋ አይታለፍም። እዚህ ላይ የጋራዦቻችን ቋሚ መልስ «ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጫል» ነው፤ ነገሩን ግን ቀስ ብሎ ማየት ያሻል። እንደ ድሮው ፎር ቢ ዲ ዋን ካምሻፍቱ ሞኖብሎክ ውስጥ ለሆነ ሞተር መላጨት በልኩ ይሠራል። ፎር ኤች ኤፍ ዋን ግን ካምሻፍቱን ቴስታታው ላይ ነው የተሸከመው። ቴስታታው ሲጠም የታችኛው ፊቱ ብቻ አይደለም የሚጠመው፤ ካምሻፍቱ የሚተኛበት መስመርም አብሮ ይጎብጣል። የታችኛውን ላጭተህ ጠረጴዛ ብታስመስለው ላይኛው እንደጎበጠ ነው፤ ካምሻፍቱ ሲታሰር ይነክሳል፣ ሲዞርም መቀመጫውን ይበላል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። አንዳንድ አምራቾች እንዲህ ያለ ቴስታታ ጨርሶ እንዳይላጭ የሚከለክሉት ለዚህ ነው። ሰውዬው ካምሻፍቱን ያለ ቫልቭ እንዲያስሩትና በእጅ እንዲያዞሩት አደረገ። በሁለቱም ላይ ያለ ችግር ዞረ። የካምሻፍቱ ማሰሪያ ክዳኖችም በቁጥራቸው ቅደም ተከተል መኖራቸው ተረጋገጠ፤ ከቴስታታው ጋር አብረው ስለሚቦረቦሩ ከሌላ ተበድሮ መግጠም አይቻልም።

ቀጥሎ የግፊት ፍተሻ። ቶርኖ ቤቱ ውስጥ የውሃውን ቀዳዳዎች በላስቲክና በወፍራም ላሜራ አሽገው፣ በአንዱ በኩል አየር ሞልተው፣ ቴስታታውን በሰንሰለት ወደ ሙቅ ውሃ ገንዳ አወረዱት። ውሃው የሚሞቀው ለይስሙላ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ሆኖ የተገጠመ ስንጥቅ ብረቱ ሲሞቅ ነው አፉን የሚከፍተው። ብር ቀለም የተቀባው መጀመሪያ ገባ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታየም፤ ሻጩ አብሮ መጥቶ ነበርና ፈገግ አለ። ከዚያ ከሁለተኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቀዳዳ ውስጥ አንዲት አረፋ ወጣች፤ ቆየት ብላ ሌላዋ፤ ከዚያ ሳያቋርጡ ተከታተሉ። ስልኩን የያዘው ልጅ ጠጋ ሲያደርገው በቪዲዮው ላይ አረፋዎቹ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብለው ሲወጡ ይታያሉ። ማስተር ምንም አላሉም፤ ሻጩን ዞር ብለው አዩት እንጂ።

አስቀያሚው ገባ። ቆየ። ገንዳው ጸጥ እንዳለ ነው። አገላብጠው ደገሙት፤ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ተጠርጎ የቫልቭ መቀመጫዎቹ ታዩ። ቀድሞ አንድ ጊዜ ተቆርጠዋል፤ ቫልቮቹ ጥቂት ወደ ውስጥ ሰጥመዋል። ይህ ቸል የሚባል ነገር አይደለም። ቫልቭ በሰጠመ ቁጥር ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ክፍተት ይሰፋል፣ መጨመቁ ይቀንሳል፣ ጠዋት በብርድ ሞተሩ ለመነሣት ይለግማል፣ ጭሱም ይበዛል። ልኩ ሲወሰድ ከገደቡ በታች ሆነ። ሁለት መቀመጫ ተቀይሮ ሌሎቹ በቀላል መፋተግ እንዲያልፉ ተወሰነ። ምርጫው እዚህ አበቃ፤ የተገዛው ከሦስቱ አስቀያሚው ነው። ተለክቶ የታወቀ አሮጌ፣ ካልተለካ አዲስ ይበልጣል ብዬ የማምነው እኔ ብቻ አይደለሁም። ግን ደግሞ ታማኝ አዲስ በልኩ ዋጋ ቢገኝ ኖሮ ይህን ሁሉ መከራ ማየት አያስፈልግም ነበር፤ አሮጌን መፈተሽ ጥበብ ሆኖ የሚቆጠረው ገበያው ስለሚያስገድድ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው መግጠም ነው፤ ብዙ መልካም ቴስታታ የሚበላሸውም እዚህ ነው። የጓርኒሲዮን ውፍረት በግምት አይመረጥም። ለብዙ የኢሱዙ ሞተሮች ጓርኒሲዮኑ በተለያየ ውፍረት ይመጣል፤ ፒስተኑ ከሞኖብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚል በዳያል ጌጅ ተለክቶ ነው ደረጃው የሚለየው። ወፍራሙን ያለ ልክ መግጠም መጨመቁን ያወርዳል፤ ቀጭኑ ደግሞ ፒስተኑን ከቫልቭ ጋር ያጋጨዋል። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረ ዘይት ወይም ውሃ በአየር መነፋት አለበት፤ ታች የታፈነ ፈሳሽ ቡሎን ሲጠብቅበት ሞኖብሎኩን ይሰነጥቃል። ማጥበቁ ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር፣ ደረጃ በደረጃ፣ በቶርክ ሬንች ነው። ማስተር ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቅር አላቸው። «ልጄ፣ እጄ ቶርክ ሬንች ነው» አሉ። ሶደርተልየ ያለው ሰው ሳቀና፣ በትሕትና ግን ሳይለቅ፣ «ማስተር፣ የእርስዎ እጅ እንኳ ጠዋትና ማታ አንድ አይሆንም» አላቸው። ሬንቹ ከጎረቤት ጋራዥ በኪራይ መጣ።

ክርክሩ የጦፈው ግን በቴስታታው አልነበረም፤ ቴስታታው ለምን ተሰነጠቀ በሚለው ነው። ሞተሩ ሲፈታ ቴርሞስታቱ በቦታው አልነበረም። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው አውጥቶ ጥሎታል፤ በአገራችን የተለመደ ነው። ሐሳቡ «አገሩ ሙቅ ስለሆነ ውሃው ሳይከለከል ይዙር» ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ግን ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳያልፍ የሚመለስበትን አቋራጭም አብሮ ይዘጋል። እሱ ከሌለ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ዳገት ላይ ማቀዝቀዝ በሚያስፈልግበት ሰዓት ከውሃው የተወሰነው ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ይሮጣል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱን ያቆሽሻል።

በዚያ ላይ ራዲያተሩ ውስጥ የነበረው ተራ የቧንቧ ውሃ ብቻ ነበር፤ የራዲያተሩ ክዳን ሞላም ደክሟል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጎሃ ጽዮንም በከፍታ ከአዲስ አበባ ዝቅ አትልም። ክዳኑ ጤነኛ ሆኖ ግፊት ሲይዝ ነው መፍያው ከ110 በላይ የሚወጣው። ሞላው የደከመ ክዳን ያለው ሞተር፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ በባሕር ወለል ላይ ምንም በማይሆንበት ሙቀት ይፈላል። ውሃው ሲፈላ የሚቀረው እንፋሎት ነው፤ እንፋሎት ደግሞ በቫልቮቹ መካከል ያለችውን ጠባብ ድልድይ ማቀዝቀዝ አይችልም። አዲስ ቴስታታም ኦሪጂናልም ተገዝቶ በዚህ ላይ ቢገጠም የሚቀጥለው ዝናብ ሳይመጣ ያው ስንጥቅ ያው ቦታ ላይ ይወጣ ነበር። የረዳቱ ጀሪካን የመጨረሻው ምት ነው እንጂ ሥራው ከዚያ በፊት ተጀምሯል።

ማስተር በቀላሉ አልተረቱም። «ቴርሞስታት ለፈረንጅ ብርድ ነው፤ አዋሽ 40 ዲግሪ ሲሆን ምን ያደርግልሃል?»

«ማስተር፣ አዋሽ 40 ነው፤ ሞተሩ የሚፈልገው 80 ነው። አርባ ዲግሪ ገና ይጎድለዋል። ከዚያ ሲያልፍ ቴርሞስታቱ ራሱ ይከፍትለታል።»

አዛውንቱ ዝም አሉ፤ ከዚያ መስማማታቸውን በራሳቸው መንገድ ገለጹ። ታናሽየውን ሁለት ቴርሞስታት እንዲያመጣ ላኩት፤ የጋራዡን የሻይ ማንቆርቆሪያ ምድጃ ላይ ጣዱ፣ ሁለቱንም በሽቦ አንጠልጥለው ከተቷቸው፣ ቴርሞሜትር ነከሩበት። አንዱ ሰማንያ እንዳለፈ ቀስ እያለ አፉን ከፈተ። ሌላው ውሃው ሲንተከተክም እንደተዘጋ ቀረ። ያንኑ ዕለት ወደ ሱቁ ተመለሰ።